«የወርቅ ኮምፓስ» የተባለው የልጆች መጽሐፍ ሃይማኖትን ይቃወማልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የትምህርቱ ዓላማ፦ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲፈጽሙ አንድን የልብ ወለድ መጽሐፍ ሳይፈሩና ሳይታለሉ መመርመር ይችላሉ።

ከትምህርቱ በፊት የሚነበብ፦ መሳ. 9፥8-15፤ 2ኛ ሳሙ. 12፥1-7፤ 1ኛ ተሰ. 5፥21

መግቢያ

 

እስቲ ዛሬ በእንግሊዝ ሀገር ከወላጆቿ ጋር የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ እናስብ። ይህች ልጅ ከትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተዋሰች። በመጽሐፉ ውስጥ የብረት ጥሩር የሚለብስ፣ እንደ ሰው የሚናገር ድብ አለ። እውነትን የሚያመለክት የወርቅ መሣሪያም አለ። ልጅቱ መጽሐፉን በጣም ወደደችው። አንድ ቀን ግን ጓደኛዋ «ይህ መጽሐፍ እኮ እግዚአብሔርን የሚቃወም ነው» አለቻት። ልጅቱም ደንግጣ መጽሐፉን ከትራሷ ሥር ደበቀችው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «መምህር፣ መጽሐፉን ስለ ወደድሁት እግዚአብሔር ይቀየመኛል?» ብላ ጠየቀች።

እናንተ መምህሯ ብትሆኑ ምን ትመልሱላት ነበር? መልሱን አብረን እንፈልግ። (በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ልብ ወለድ ሁሉ መጥፎ ነውን?

አይደለም። በመጽሐፈ መሳፍንት ኢዮአታም ዛፎች ንጉሥ ለማንገሥ እንደ ተሰበሰቡ፣ ወይራውም፣ በለሱም፣ ወይኑም እንቢ እንዳሉ ተናግሯል። ዛፍ እንደማይናገር ሁላችንም እናውቃለን። ኢዮአታም ግን የዋሸ ሰው የለም። በምሳሌ አስተማረ እንጂ። ነቢዩ ናታንም ለንጉሥ ዳዊት የድሀውን ሰው አንዲት በግ ታሪክ ነገረው። ዳዊት በታሪኩ ተቆጣ፤ ቆይቶ ግን ታሪኩ ስለ ራሱ መሆኑን አወቀና ተጸጸተ።

ስለዚህ ድብ ተናገረ ብለን መጽሐፍን አንነቅፍም። በ1950 ምሁሩ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ስለ አንድ የሚናገር አንበሳ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። አንበሳው ስለ በደለኛው ልጅ ብሎ ይሞታል፤ ከዚያም ይነሣል። ሉዊስ በዚህ ልብ ወለድ ልጆች የጌታችንን ሞትና ትንሣኤ እንዲያስቡ ፈልጎ ነበር። እንግዲህ ልብ ወለድ እንደ ጋን ነው። ጋኑን አይተን ብቻ ጠላ ይሁን ውኃ፣ መርዝ ይሁን ጠጅ አናውቅም። በውስጡ ያለውን መመርመር ያስፈልጋል።

2. መጽሐፉ ምን ይላል?

መጽሐፉን የጻፈው ፊሊፕ ፑልማን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በ1946 የተወለደ ሲሆን በኦክስፎርድ ከተማ መምህር ነበር። አያቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበሩ። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1995 በእንግሊዝ «የሰሜን ብርሃናት» ተብሎ ወጣ፤ በአሜሪካ ደግሞ «የወርቅ ኮምፓስ» ተባለ። ሁለተኛው በ1997፣ ሦስተኛው በ2000 ታተሙ። በ2007 ፊልም ተሠራበት።

የታሪኩ ባለቤት ሊራ የምትባል ልጅ ናት። በሊራ ዓለም የእያንዳንዱ ሰው ነፍስ በእንስሳ መልክ ከጎኑ ትሄዳለች። ደራሲው ይህችን እንስሳ «ዴመን» ይላታል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጋኔን ከሚለው ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰዎች ደንግጠዋል። በታሪኩ ውስጥ ግን ነፍስ ማለት ነው እንጂ ርኩስ መንፈስ ማለት አይደለም።

በሊራ ዓለም ማጂስቴሪየም የሚባል ኃይለኛ ቤተ ክህነት አለ። በእርሱ ሥር የሚሠሩ ሰዎች ልጆችን እየሰረቁ ወደ ሰሜን በረዶ ይወስዳሉ። ልጆቹንም ከነፍሳቸው ይለያሉ። ይህን የሚያደርጉት ከኃጢአት እንጠብቃቸዋለን እያሉ ነው። በሦስተኛው መጽሐፍ ደግሞ ሰዎች አምላክ ነው ብለው የሚያመልኩት «ባለ ሥልጣኑ» በጣም ያረጀና የደከመ መልአክ ሆኖ ይገኛል። ከመላእክት ሁሉ በፊት ስለ ተገኘ ለሌሎቹ «የፈጠርኋችሁ እኔ ነኝ» ብሎ ዋሽቷቸው ነበር። በመጨረሻም እንደ ጉም በንኖ ይጠፋል።

3. ሰዎች ምን አሉ?

በ2007 ፊልሙ ሲወጣ በአሜሪካ የሚገኝ የካቶሊኮች ማኅበር ክርስቲያኖች ፊልሙን እንዳያዩ ጥሪ አቀረበ። የፊልሙ ሠሪዎች ስለ ሃይማኖት የሚናገረውን ብዙውን ክፍል ቀንሰውት ነበር። ማኅበሩ ግን ልጆች ፊልሙን ካዩ በኋላ መጽሐፉን ይፈልጋሉ ብሎ ሰጋ።

በሌላ በኩል በ2004 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ሮዋን ዊልያምስ ከደራሲው ጋር በሕዝብ ፊት ተወያዩ። ሊቀ ጳጳሱ በመጽሐፉ ውስጥ የሚጠፋው አምላክ ክርስቲያኖች የሚያመልኩት አምላክ አለመሆኑን አስረዱ፤ ተማሪዎችም በጉዳዩ ላይ ቢወያዩበት ይጠቅማል አሉ። እንግዲህ ክርስቲያኖችም በዚህ ጉዳይ አንድ ዓይነት አሳብ አልነበራቸውም።

4. ታዲያ ይቃወማል?

አዎን፣ ይቃወማል። ይህን የምንለው ግን ወሬ ሰምተን አይደለም። ሦስት ምክንያቶች አሉን።

ሀ) ደራሲው ራሱ የክርስትናን እምነት መሠረት መነቅነቅ እንደሚፈልግ ለጋዜጠኞች ተናግሯል።

ለ) በሦስተኛው መጽሐፍ ቀድሞ መነኩሲት የነበረች አንዲት ሴት እምነቷን እንዴት እንደ ተወች ለልጆቹ ትተርካለች። ክርስትናም ስሕተት ነው ትላቸዋለች።

ሐ) በዚያው መጽሐፍ የሞቱ ሰዎች ትንሣኤ የላቸውም። ተስፋቸው በነፋስና በአፈር ውስጥ በትነው መቅረት ብቻ ነው። እኛ ግን በጸሎተ ሃይማኖት የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እናደርጋለን።

ይሁን እንጂ ፍርዳችን ትክክለኛ መሆን አለበት። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ በመጽሐፍ ላይም ይሠራል። መጽሐፉ ጋኔን አምልኩ አይልም፤ ይላል ብንል ዋሸን። ልጆችን ማሠቃየት ክፉ ነው ማለቱም እውነት ነው። ልጅን የሚጎዳ ሰው የካህን ልብስ ቢለብስም ክፉ ሥራ ሠርቷል። ጌታችን ከታናናሾች አንዱን የሚያሰናክል ምን እንደሚጠብቀው በማቴ. 18፥6 አስተምሯል። በአውሮፓም በሃይማኖት ስም ሰዎች ታስረዋል፤ በእሳትም ተቃጥለዋል። ይህን መካድ አይገባንም።

5. የሚጠፋው አምላክ ማን ነው?

ልጆች፣ አሁን ልብ ብላችሁ አስተውሉ። ከሌሎች በፊት ቆሞ «የፈጠርኋችሁ እኔ ነኝ» ያለ መልአክ ከዚህ በፊት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አዎን፣ ሳጥናኤል ነው! አባቶቻችን ስለ ሥነ ፍጥረት ሲያስተምሩን መላእክት በተፈጠሩ ጊዜ ማን ፈጠረን ብለው እንደ ተጠያየቁ ነግረውናል። ሳጥናኤልም ከበላዩ ማንንም ባላየ ጊዜ ፈጣሪ እኔ ነኝ አለ። አንዳንዶቹ አመኑት፤ አንዳንዶቹ ተጠራጠሩ። ቅዱስ ገብርኤል ግን ፈጣሪያችንን እስክናውቅ ድረስ በያለንበት ጸንተን እንቁም ብሎ አጸናቸው። ከዚያም እግዚአብሔር ብርሃንን በፈጠረ ጊዜ እውነተኛው ፈጣሪ ታወቀ።

እንግዲህ የፑልማን «ባለ ሥልጣኑ» የእኛን አምላክ አይመስልም። የሚመስለው ሳጥናኤልን ነው። የእኛ አምላክ አያረጅም፤ አይደክምም። በግድ የሚገዛ ሳይሆን ስለ እኛ ብሎ ሰው የሆነና በመስቀል የተሰቀለ ነው። የመጽሐፉ ትልቁ ስሕተት ሐሰተኛውን ማዋረዱ አይደለም። ሐሰተኛው ከጠፋ በኋላ እውነተኛውን ፈጣሪ ሳያሳይ ታሪኩን መዝጋቱ ነው። ሳጥናኤል ከወደቀ በኋላ ብርሃን ሳይመጣ እንደ ቀረ ያህል ነው።

6. እኛ ምን እናድርግ?

ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረ አባት ነው። ቅዳሴው ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ ነው። በወጣትነቱ በአቴና የአሕዛብን ጽሑፍ ተምሯል። በኋላም ለወጣቶች በጻፈው ምክር ንብን ምሳሌ አድርጎ ነገራቸው። ንብ በአበባው ሁሉ ላይ አታርፍም፤ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ብቻ ወስዳ ሌላውን ትተዋለች። ስለዚህ፦

• ከማንበባችሁ በፊት ወላጆቻችሁን ወይም መምህራችሁን አማክሩ። በተለይ ሦስተኛው መጽሐፍ ለታናናሾች አይሆንም።
• እያነበባችሁ ይህ ስለ እግዚአብሔር ምን ይላል? ስለ ሰው ምን ይላል? ብላችሁ ጠይቁ።
• ጥያቄ ቢነሣባችሁ አትደብቁ። የተደበቀ ጥያቄ እንደ ተደበቀ እሾህ ያመረቅዛል።
• መልስ እስክታገኙ ድረስ እንደ ቅዱስ ገብርኤል በያላችሁበት ጽኑ።

ለዚያች ልጅም መልሳችን ይህ ነው፦ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ስለ ጠየቅሽ አይቀየምሽም። መጽሐፉን ከትራስሽ ሥር አውጪውና አብረን እንመርምረው።»

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ኢዮአታም ስለ ዛፎች የተናገረው ምሳሌ ውሸት ነውን? ለምን?
2. መጽሐፉ ሃይማኖትን ይቃወማል ያልንባቸውን ሦስት ምክንያቶች ጻፉ።
3. «ባለ ሥልጣኑ» እና ሳጥናኤል በምን ይመሳሰላሉ?
4. ጓደኛችሁ ያላነበበውን መጽሐፍ ሲነቅፍ ብትሰሙ ምን ትሉታላችሁ?

በቃል የሚጠና፦ 1ኛ ተሰ. 5፥21

ወስብሐት ለእግዚአብሔር