ጳጉሜን የዘለለው ቆጠራ

ወልቂጤ ውስጥ የምታስተምር አንዲት የሒሳብ መምህርት የወር አበባዋ ነሐሴ 10 መጣ። ዑደቷ 28 ቀን ነው፤ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሥራ ሁለቱ ወር 30 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ለልጅም አይከብድም፦ በየወሩ ሁለት ቀን መቀነስ ነው። ጥቅምት 10 የመጣው ኅዳር 8 ይመለሳል። መምህርቷም በለመደችው መንገድ መስከረም 8ን ጠበቀች። በማግስቱ ትንሽ ቡናማ ነገር ጠብ ሲል «ያው መጣ» ብላ ተወችው።

ጳጉሜን ዘልላለች። አምስቱ ቀን ሲቆጠር የሚጠበቀው መስከረም 3 ነበር፤ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ደግሞ መስከረም 2። ጠብታው በስድስት ቀን ዘግይቷል፤ መልኩም መጠኑም የወትሮው አልነበረም።

በመስቀል ሰሞን ማቅለሽለሽ ጀመራት። ወልቂጤ ላይ በመስቀል ያቅለሸለሸው ሰው ክትፎውን እንጂ ሌላ አይጠረጥርም። እናቷ ተልባ በጠበጡላት። ከሆዷ በታች በቀኝ በኩል ሲወጋት «ብርድ ነው»፣ የትከሻዋን ጫፍ ሲያማት «አተኛኘትሽ ነው» ተባለ። መስከረም 20 ማታ ከመጸዳጃ ቤት ስትመለስ በር ላይ ወደቀች። ሆስፒታል ስትደርስ የሽንት ምርመራው ሁለት መስመር አሳየ፤ አልትራሳውንዱ ግን ማህፀኗን ባዶ፣ ሆዷን በደም የተሞላ አገኘው። ጽንሱ በማህፀን ቱቦዋ ውስጥ ነበር፤ ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ቀኝ ቱቦዋ ወጣ። የትከሻዋ ሕመምም ከአተኛኘት የመጣ አልነበረም፤ ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ድያፍራምን ሲነካ ሕመሙ እዚያ ላይ ይሰማል።

ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ከ100 እርግዝና አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። አደጋውን ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንስቶ በ6ኛውና በ8ኛው ሳምንት መካከል ነው። መምህርቷ ስትወድቅ 45 ቀን አልፎ ነበር። ባለ ሁለት መስመሩ ወረቀት እርግዝና መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አይናገርም። የወር አበባዋ የቀረ ሴት አንድ ጎኗን ከወጋት፣ ደም ካየች፣ ራሷን ካዞራት፣ ነገ የሚባል ቀጠሮ የላትም።

ሌላው የእርግዝና ምልክት ሁሉ አሳሳች ነው። የጡት መወጠር የወር አበባ ሊመጣ ሲልም አለ። ማቅለሽለሽ ከጨጓራም ይመጣል። ቶሎ ቶሎ መሽናት ማቃጠል ካለበት አብዛኛውን ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። የወር አበባ መቅረትም ቢሆን ምክንያቱ ብዙ ነው፦ የታይሮይድ መዛባት፣ የፕሮላክቲን መብዛት፣ ጭንቀት፣ በድንገት መክሳት። ፊቷ ላይ ፀጉርና ብጉር በዝቶ የወር አበባዋ በሁለትና በሦስት ወር የሚመጣ ሴት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሊኖርባት ይችላል። በየ3 ወሩ የእርግዝና መከላከያውን ዲፖ የምትወጋ ሴትም የወር አበባዋ ቢቀር አይገርምም፤ ከዓመት በኋላ ግማሽ ያህሉ ተጠቃሚዎች ጨርሶ አያዩም። የድንገተኛ ጊዜ መከላከያውን ፖስት ፒል የወሰደችም ቀኗ ሊዛነፍ ይችላል።

መመርመሪያው ወረቀት ራሱ ወግ አለው። የወር አበባ ከሚጠበቅበት ቀን በፊት ሽንት የነካው ወረቀት የእርግዝና ሆርሞኑ ገና ስላልበዛ «የለም» ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ቀኑ ካለፈ በኋላ፣ በጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት፣ ካልታመነም ከሳምንት በኋላ እንደገና። በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ይነበባል። ቆይቶ ሲደርቅ የሚወጣው ግራጫ ጥላ መስመር አይደለም፤ በእሱ የተደሰተም ያለቀሰም ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያበላሸው ደግሞ ሐፍረት ነው። ወረቀቱን የሚሸጠው ፋርማሲ ውስጥ ያገባች ያላገባች ብሎ ጣት የሚያይ አይጠፋም። አማት በበኩሏ ከሠርጉ ሁለተኛ ወር ጀምሮ ሆድ ሆድ ታያለች። በሁለቱ ዓይን መካከል የቆመች ሴት ቀኗን በጭንቅላቷ እንጂ በወረቀት አትይዝም፤ ሐኪሙ «መቼ ነበር?» ሲላት «መስከረም አካባቢ» ትላለች። በግድግዳ ካላንደር ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ማን ምን ያደርጋታል?

መምህርቷ ድናለች፤ በቀረው ቱቦ ማርገዝ እንደምትችልም ተነግሯታል። በተከታዩ ዓመት ትምህርት እንደተከፈተ ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎቿ ሰሌዳ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፈች፦ «ከነሐሴ 10 በኋላ 28ኛው ቀን መቼ ነው?» ከክፍሉ አብዛኛው መስከረም 8 አለ።