በጆሮው ለሚቀራ ደረሳ የሚናገር ኮምፒውተር



በሸዋሮቢት ዙሪያና በይፋት ቆላ ላደግን ሰዎች ዓይነ ስውር ደረሳ ሲቀራ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሸኹ ያቀሩታል፤ እሱም ያዳምጣል፣ ይደግማል፣ ይሐፍዛል። ይኸው ደረሳ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ዝም ያለ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ሃንድአውቱን የሚያነብለት ጓደኛ እስኪያገኝ ይጠብቃል።

ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ዕውቀት ፈልጎ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጣ ጊዜ እርሳቸው ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር በንግግር ተጠምደው ነበር። ሱረቱ ዐበሰ በዚህ ምክንያት እንደወረደች ሁላችንም ደርስ ላይ ሰምተናል። ሊማር የመጣን ዓይነ ስውር ማስጠበቅ ቀላል ነገር አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ደግነቱ ኮምፒውተሩ እንዲናገር ማድረግ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ኤንቪዲኤ የሚባል በነፃ የሚገኝ ስክሪን አንባቢ አለ። በ2006 እ.ኤ.አ የጀመረው አውስትራሊያዊው ማይክል ከረን ሲሆን ጄምስ ቴህ አብሮት ሠርቷል፤ ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። በፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ መያዝም ይቻላል። ስለዚህ ፍላሽ በማይከለከልበት ላብራቶሪ፣ ኮምፒውተሩ ላይ መጫን ባይፈቀድ እንኳ ከፍላሹ ይነሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። የእንግሊዝኛው ድምፅ የግዕዝ ፊደል ስለማያነብ «አማርኛ አይችልም» ተብሎ ይተዋል። ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስን አንድ ላይ ተጭነን ኢስፒክ ኤንጂን እንምረጥ፤ ከዚያ ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ቪን ተጭነን ከድምፆቹ ዝርዝር አማርኛን እንውሰድ። ድምፁ የሮቦት ነው፤ ፊደላችንም ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ «ገና» እና «ገና» ሊምታቱ ይችላሉ። ጆሮው የለመደ ደረሳ ግን ፍጥነቱን ጨምሮ ከእኛ ቀድሞ ይጨርሳል።

ዓይኑ ለደከመ የዊንዶውስ ቁልፍና የመደመር ምልክት ስክሪኑን ያጎላሉ። በአንድ እጁ ለሚጽፍ ደግሞ ሺፍትን አምስት ጊዜ መጫን ስቲኪ ኪይስን ያመጣል፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መጫን ይችላል። ሌሎቹ ማስተካከያዎች የዊንዶውስ ቁልፍንና ዩን ስንጫን ይገኛሉ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም አንባቢው ዝም የሚልበት ጊዜ አለ፤ ጥፋቱም የእኛ ነው። ፎቶ አንስተን ቴሌግራም ላይ የምንለቀው የደርስ ማስታወሻ ለስክሪን አንባቢ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሞጁልም እኛ አማርኛ ሆኖ ቢታየንም ለማሽኑ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። በዩኒኮድ ተጽፎ በወርድ ፋይል ቢላክ ያለ ችግር ይነበባል። ይህችን ጋዜጣ ራሷን እስካሁን በፎቶ ስንልክ ነበር። ከዚህ እትም ጀምሮ ጽሑፉም አብሮ ይለቀቃል፣ ኢንሻአላህ።