ቀላሉ አየርና ከባዱ ኪሎ ሜትር፦ ከሐይቅ ዳር ሩጫ የሚገኝ የጽናት ትምህርት



ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የክርስቲያንን ሕይወት በሩጫ መስሎ ሲያስተምር አድማጮቹ በዓይናቸው የሚያውቁትን ነገር ነበር የሚያነሣው። የቆሮንቶስ ሰዎች የሚኖሩት ሁለት ባሕሮች ግራና ቀኝ በሚያዋስኑት ጠባብ ምድር አጠገብ ነበር፤ በዚያም የኢስትምያ ጨዋታ የተባለ ታላቅ የውድድር በዓል በየሁለት ዓመቱ ይከበር ነበር። ሐዋርያው በዚያች ከተማ አንድ ዓመት ከስድስት ወር እንደ ተቀመጠ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ይነግረናል። ለአሸናፊው የሚሰጠው አክሊል ከጥድ ቅርንጫፍ ወይም ከደረቀ ቅጠል የተጎነጎነ ስለ ነበረ ብዙ ሳይቆይ ይረግፋል። ጳውሎስ ይህን የሚጠፋ አክሊል ከማይጠፋው ጋር ያነጻጸረው በአንደኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 9 ላይ ነው።

ይህ ምሳሌ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ የወጣ ሰው ሁሉ ሯጮችን ያያል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት አንድ ጥያቄ እንመረምራለን፤ ሽልማት የማይጠብቅ ተራ ሯጭ በከባዱ ኪሎ ሜትር ላይ የሚማረው ነገር ለመንፈሳዊ ሕይወታችን ምን ይጠቅማል?

1. ስለ ፍቅር የሚሮጥ ሰው

ሰበታ በደቡብ ምዕራብ፣ ቡራዩ በምዕራብ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ተራራ በስተ ሰሜን አዲስ አበባን ከብበው የሚገኙ ከተሞች ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በተለይ የሱሉልታ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር የሚደርስ ከፍታ ስላለው ታላላቅ ሯጮች የሚለማመዱበት ስፍራ ሆኗል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ካሸነፈ ወዲህ ሩጫ ለሀገራችን ወጣት የክብር መንገድ ሆኖ ቆይቷል።

ነገር ግን የሚሮጡት ሁሉ ለክብር የሚሮጡ አይደሉም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲስ አበባ ሲካሄድ 10 ሺህ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሮጧል። ከእነዚህ እጅግ የሚበዙት እንደማያሸንፉ አስቀድመው ያውቁ ነበር። እንዲህ ያለውን ሯጭ «አማተር» እንለዋለን። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «የሚወድ» ማለት ነው። አማተር ማለት እንግዲህ ችሎታ የጎደለው ሰው ማለት ሳይሆን ሥራውን ስለ ደመወዝ ሳይሆን ስለ ፍቅር የሚሠራ ሰው ማለት ነው። በዚህ ትርጉም ክርስቲያን ሁሉ አማተር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ እግዚአብሔርን የምናገለግለው ከፍቅር የተነሣ ነውና።

2. ከከፍታው ወደ ሐይቁ

በሱሉልታ የሚኖር፣ በሙያው መምህር የሆነ አንድ ምእመን ታላቁ ሩጫ በሐዋሳ በሚያዘጋጀው የግማሽ ማራቶን ላይ ተካፍሎ ነበር። ሀገራችን የባሕር ጠረፍ የላትምና ለእኛ የውኃ ዳር ሩጫ ማለት የሐይቅ ዳር ሩጫ ነው። ርቀቱ 21 ኪሎ ሜትር ከ97.5 ሜትር ሲሆን፣ ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ስለምትገኝ ከሱሉልታ በ1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች።

ይህ የከፍታ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ያንሳል። የሰው አካልም ይህን ለማካካስ ቀይ የደም ሕዋሳትን አብዝቶ ይሠራል። እንዲህ የተዘጋጀ ሰው ወደ ቆላማ ስፍራ ሲወርድ ትንፋሹ ይሰፋል፤ እግሩም ይቀለዋል። መምህሩ እንደ ነገረኝ፣ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች እግሮቹ የእርሱ አልመሰሉትም። አስቀድሞ የወሰነውን ፍጥነት ትቶ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ግማሽ ደቂቃ ያህል ቀድሞ ሮጠ። «በሱሉልታ ዳገት ያልፋሁትን ያህል፣ ያን ቀን ጎበዝ የሆንሁ መሰለኝ» አለኝ።

ከ15ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ፀሐይ ከረረች፤ ለደጋ ሰው ያልተለመደው ሙቀት ላቡን አወረደው። በጡንቻና በጉበት የሚከማቸው ስንቅም ውሱን ስለሆነ፣ በብርቱ ሲሮጥ ከአንድ ሰዓት ተኩልና ከሁለት ሰዓት በላይ እምብዛም አይዘልቅም፤ በጥድፊያ የጀመረ ሰው ደግሞ ቶሎ ይጨርሰዋል። 17ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሩ እንደ ድንጋይ ከበደ። ያን ጊዜ «ብተወው ማን ያውቃል? ሽልማት የለኝ፤ የሚጠብቀኝ የለ» የሚል ሐሳብ መጣበት። ሆኖም በዋዜማው ሌሊት «ጤናዬ እስካልተነካ ድረስ ከመጨረሻው መሥመር በፊት አልቀመጥም» ብሎ ወስኖ ነበር። ስለዚህ እርምጃውን አሳጠረ፤ ውኃ በሚታደልበት ስፍራ ሁሉ ቆሞ ጠጣ፤ ጥቂት ተራመደ፤ እንደገና ሮጠ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ብዙዎች ቀድመውት ገቡ፤ እርሱም ገባ። «ውሳኔው የተወሰነው ዋዜማ ነው። 17ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የእኔ ሥራ አለመለወጥ ብቻ ነበር» ብሎኛል።

3. የቅዱስ ኢግናጥዮስ ምክር

ይህ የመምህሩ ቃል የነፍስ መምህር የሆነውን የቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላን (1491-1556 እ.ኤ.አ.) ትምህርት ያስታውሰናል። ቅዱስ ኢግናጥዮስ «መንፈሳዊ ልምምዶች» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ መናፍስትን ስለ መለየት ሲያስተምር፣ የነፍስን ሁለት ሁኔታዎች ይለያል። አንደኛው መጽናናት ነው፤ ጸሎት የሚጣፍጥበት፣ ልብ በእግዚአብሔር ፍቅር የሚሞቅበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ድርቀት ነው፤ ነፍስ የምትጨልምበት፣ ጸሎት የሚከብድበት ጊዜ ነው።

ለሁለቱም ጊዜያት የሰጠው ምክር ለሯጭ የተሰጠ ይመስላል። በመጽናናት ያለ ሰው በኋላ የሚመጣውን ድርቀት አስቦ ከወዲሁ ኃይል ያከማች፤ ራሱንም ዝቅ ያድርግ። በድርቀት ያለ ሰው ደግሞ በመጽናናት ጊዜ የወሰነውን መልካም ውሳኔ አይለውጥ። የማይለወጠው ግን ውሳኔው እንጂ ሰውየው አይደለም፤ ጸሎቱን ጥቂት ያርዝም፣ ሕሊናውን ይመርምር፣ በድርቀቱ ላይ ይበርታ። መምህሩም እርምጃውን ለወጠ እንጂ መድረሻውን አልለወጠም።

ቅዱስ ኢግናጥዮስ ድርቀት የሚመጣባቸውን ሦስት ምክንያቶችም ይዘረዝራል። በቸልተኝነታችን ምክንያት ሊመጣ ይችላል፤ ያለ ሽልማት ምን ያህል እንደምንጸና ለመፈተን ሊመጣ ይችላል፤ እንዲሁም መጽናናት ከእግዚአብሔር የሚሰጥ ስጦታ እንጂ የእኛ ሀብት አለመሆኑን እንድናውቅ ሊመጣ ይችላል። የሐይቁ ዳር ቀላል አየር መምህሩ የሠራው አልነበረም። እንደ ራሱ ጉብዝና በቆጠረው ጊዜ ግን አባከነው። በሱባኤ ሰሞን ልቡ የሞቀ ወጣት፣ የመጀመሪያውን ዓመት የሚኖሩ ሙሽሮች፣ አዲስ የተሾመ ካህን፣ ሁሉም በቀላል አየር ውስጥ ናቸው። ይህ ጊዜ ያለ ልክ የሚሳልበት ሳይሆን፣ ሊጸና የሚችል መጠነኛ ልማድ የሚተከልበት ነው። በየቀኑ የሚጸለይ ሩብ ሰዓት፣ በአንድ ሳምንት ጀምረው ከሚተዉት ሦስት ሰዓት ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጽናት ማለት ሥጋን ማጥፋት አይደለም። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ስለሆነ፣ ደረቱን የሚወጋው ወይም ራሱን የሚያዞረው ሯጭ ቆሞ እርዳታ መጠየቅ ይገባዋል። የመምህሩ ውሳኔም «ጤናዬ እስካልተነካ ድረስ» የሚል ገደብ ነበረው። እልኸኝነትና ጽናት የተለያዩ ናቸው፤ እልኸኛ ለራሱ ክብር ይሮጣል፤ ጽኑ ግን ለቃል ኪዳኑ ይሮጣል።

4. አክሊል ያላገኙት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን

ለተሰንበት ግደይ ጥቅምት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳርቻዋ የስፔን ከተማ በቫሌንሲያ የመጀመሪያዋን ግማሽ ማራቶን ሮጣ በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በዚህ ሁላችን ደስ ብሎናል። ነገር ግን በየልምምድ ሜዳው ለአንድ እንዲህ ላለ ስም ስንት ስሙ ያልተጠራ ወጣት አለ? ቤተ ሰቡ በሬ ሸጦ የላከው፣ ጠባብ ክፍል ከጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ ለዓመታት የደከመ፣ በመጨረሻም ጉዳት ወይም ዕድሜ የቀደመው ወጣት ወደ መንደሩ ባዶ እጁን መመለስ ያፍራል። አንዳንዱ በተከለከለ መድኃኒት ይፈተናል፤ አንዳንዱም ከሩጫው ጋር ቤተ ክርስቲያንንም ይተዋል፤ የተሸነፈ ሰው በእግዚአብሔር ፊትም የተሸነፈ ይመስለዋልና።

ለእነዚህ ወጣቶች የምንናገረው ቃል አለን። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 14ኛ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በስፖርት ኢዮቤልዩ ዕለት ባሰሙት ስብከት፣ ኃያላንና አሸናፊዎች ብቻ የሚከበሩ በሚመስልበት ዓለም ስፖርት መሸነፍንም እንደሚያስተምር፣ ሰውም ከድካሙ ጋር እንደሚያገናኘው አስረድተዋል። በኢስትምያ ሜዳ አክሊሉ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 4 ላይ፣ የጽድቅ አክሊል ለእርሱ ብቻ ሳይሆን የጌታን መገለጥ ለሚወዱ ሁሉ እንደ ተዘጋጀ ይናገራል። የአንዱ መድረስ የሌላውን አክሊል አይወስድም።

ይህ ቃል በሥራ ካልተገለጠ ግን ባዶ ይሆናል። ቁምስና እንዲህ ያለውን ወጣት «ስንተኛ ወጣህ? ምን ያህል አገኘህ?» ብሎ ከመቀበል ይልቅ በስሙ ሊያውቀው ይገባል። በመዘምራን ወይም በወጣቶች ማኅበር ቦታ ይስጠው፤ ያቋረጠውን ትምህርት እንዲቀጥል ይርዳው፤ ሙያ የሚያስተምር ምእመን ካለም ያገናኘው።

5. ሰንበትና ሩጫ

የጎዳና ሩጫዎች አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ማለዳ ስለሚካሄዱ፣ «ቅዳሴ ቢያመልጠኝስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ በር አልዘጋችም። የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ በቀኖና 881፣ የላቲን ሥርዓት ሕግም በቀኖና 1248፣ የሰንበት ግዴታ ከዋዜማው ምሽት አንሥቶ ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋሉ። ስለዚህ ሯጩ ቅዳሜ ማታ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ የሚቀደስበትን ቤተ ክርስቲያን አስቀድሞ ይጠይቅ። ለውድድሩ ጫማውን፣ ትራንስፖርቱንና ማደሪያውን ከወራት በፊት የሚያስብ ሰው ለቅዱስ ቁርባን ጊዜ ማሰብ አያቅተውም። ሰንበት ከውድድር በተረፈው ሰዓት የሚታሰብ ከሆነ፣ ሩጫው በፍቅር መሆኑ ቀርቶ ጣዖት ወደ መሆን አዘንብሏል ማለት ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) በአሁኑ ጊዜ ነፍሴ በቀላል አየር ውስጥ ናት ወይስ በከባዱ ኪሎ ሜትር ላይ? በዚህ ሁኔታ ከቅዱስ ኢግናጥዮስ ምክር የሚስማማኝ የትኛው ነው?

ለ) በመጽናናት ጊዜ ወስኜ በድርቀት ጊዜ የተውሁት መልካም ልማድ ምንድን ነው? በምን መጠን ልጀምረው እችላለሁ?

ሐ) በእልኸኝነትና በጽናት መካከል ያለውን ልዩነት ከራሳችን ሕይወት በምሳሌ እናስረዳ።

መ) በቁምስናችን አካባቢ በስፖርት ተስፋ አድርጎ የመጣና ብቻውን የቀረ ወጣት አለን? እስከሚመጣው እሑድ ድረስ ማን ሄዶ ይጠይቀዋል?