የመርማሪው እንቅፋት

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ከግርጌው ላሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም መካከል የሚገኘው ሱቅ ዐረቢ፣ በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ጦርነት እስኪነሣ ድረስ፣ ታላቅ የንግድ ስፍራ ነበር። በእንዲህ ያለ ገበያ ነጋዴዎች መጋዘን እየተከራዩ፣ ዕቃቸው ካለቀ በኋላ ቁልፉን ሳይመልሱ ቢቀሩ፣ ውሎ አድሮ ለሌላው የሚከራይ መጋዘን ይጠፋል።

በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ፕሮግራም ለሥራው ማኅደረ ትውስታ ወይም ሜሞሪ ይዋሳል። የተዋሰውን ሳይመልስ ከቀረ ግን ቦታው ቀስ በቀስ ያልቃል፤ መሣሪያውም ይቆማል። ሊኑክስ በሚሠራባቸው ትንንሽ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ በኢንተርኔት ማከፋፈያ ሣጥን ውስጥ፣ ሜሞሪው ጥቂት፣ ሥራውም ሌት ተቀን በመሆኑ ጉዳቱ ፈጥኖ ይገለጣል።

ይህን ጉድለት ከሚመረምሩት መሣሪያዎች አንዱ ቫልግሪንድ ነው። ዋና ደራሲው ጁሊያን ሲዋርድ ሲሆን፣ አንደኛው እትም በ1994 ዓ.ም. ወጣ። ስሙ የተወሰደው በስካንዲኔቪያ አፈ ታሪክ ወደ ጀግኖች አዳራሽ ከሚያስገባው በር ነው።

ነገር ግን መርማሪው ራሱ አልነሣም የሚልበት ጊዜ አለ። የትንንሽ መሣሪያዎችን ሶፍትዌር የሚያዘጋጁ ሰዎች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ በፋይሎቹ ውስጥ የተጻፉትን የተግባሮች ስም ይፍቃሉ። ቫልግሪንድ ግን ፕሮግራሙን ከጋራ ተግባሮች ጋር በሚያገናኘው ፋይል ውስጥ አንዳንዶቹን በስማቸው ፈልጎ በራሱ መተካት አለበት። ስማቸው ከተፋቀ የሚፈልገውን ያጣል፤ ገና ሲጀምርም ምክንያቱን ገልጾ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ ባለሙያው ከሁሉ አስቀድሞ መልእክቱን ማንበብ ይገባዋል። መድኀኒቱም ስም ያልተፋቀበትን ያንኑ ፋይል መመለስ ነው፤ ይኸውም ከዚያው ግንባታ የወጣ መሆን አለበት።

ከዚህም ሌላ፣ ፕሮሰሰሩ የአርም ዓይነት ከሆነ ሰባተኛው ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ምርመራው ፕሮግራሙን ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል ሊያዘገየው ስለሚችል፣ ዝግታውን እንደ ብልሽት መቁጠር አይገባም።

እንግዲህ ጥቂት ቦታ ለማትረፍ የተፋቀው ስም በችግር ጊዜ መንገድ የሚያሳይ ምልክት ነበር። ቆጣቢ ሰው አንድን ነገር ከመጣሉ በፊት ነገ እንደማያስፈልገው ያረጋግጣል።

ጥያቄዎች

1. የመጋዘኑ ምሳሌ የትኛውን የኮምፒዩተር ጉድለት ያስረዳል?
2. ቫልግሪንድ ገና ሲጀምር የሚያቆመው ስለ ምንድን ነው? መድኀኒቱስ?
3. በሚከተሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ፦ ውሎ አድሮ፣ ይፍቃሉ፣ ቆጣቢ።