ራሱን የሚነዳ የወለል ማጠቢያ

በሬ ስንገዛ ጥርሱን አይተን፣ ጠምደን ሞክረን ነው። የመኪናም ግዢ እንደዚሁ ነው።

ሰፊ ወለል የሚያጥብ፣ ራሱን የሚነዳ መኪና አለ። ሮቦት ይባላል። በአሜሪካ አገር ዋልማርት የተባለው የመደብር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. 360 ያህሉን ለማሠራት ወሰነ። በመጀመሪያ ሠራተኛ እየነዳ መንገዱን ያሳየዋል፤ ከዚያ ብቻውን ይሄዳል። ሰው ከፊቱ ሲገባ ይቆማል።

ገዢው ምን ይመልከት? አንደኛ፣ ወለሉ ደልዳላ ይሁን፤ መኪናው ደረጃ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ባትሪው ሥራው ሳያልቅ እንዳይደክም። ሦስተኛ፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው በቅርብ ይኑር። ገንዘብ ከመክፈሉም በፊት በገዛ ወለሉ ላይ ይሞክረው።

ጠባቡን ጥግና ደረጃውን ግን አሁንም የሚያጸዳው የሰው እጅ ነው። ስለዚህ አስቀድመን የጽዳት ሠራተኛዋን እንጠይቅ። ወለሉን ከእሷ የበለጠ የሚያውቀው ማን አለ?