ቦዩና ረግረጉ

ከማንበባችሁ በፊት፦ አንድ ሥራ ከተፈጸመ ከብዙ ዓመታት በኋላ ጉዳቱ ቢታይ ተጠያቂው ማን ይመስላችኋል? በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ደቡብ የሚገኘው የሉዊዚያና ግዛት ጠረፍ፣ የሚሲሲፒ ወንዝ በሺህ ዓመታት ተሸክሞ ባመጣው ደለል የተሠራ ረግረጋማ ምድር ነው። ረግረጉ የዓሣና የአእዋፍ መኖሪያ ከመሆኑም በላይ የባሕሩን ማዕበል እያዳከመ መንደሮችንና ከተሞችን ይከላከላል። ሆኖም ከ1932 እስከ 2016 ድረስ 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል መሬት በውኃ ተውጧል።

ለዚህ ጥፋት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የነዳጅ ዘይት ኩባንያዎች ያስቆፈሯቸው ቦዮች ናቸው። መሣሪያዎችን በውኃ ላይ ለማጓጓዝና ቧንቧዎችን ለመዘርጋት ሲባል ረግረጉ በየአቅጣጫው ተሰነጠቀ። በቦዮቹ በኩል ጨዋማ የባሕር ውኃ ወደ ውስጥ ዘለቀ፤ ጨው የማይችሉት ዕፀዋት ደረቁ፤ ጭቃውን አያይዞ የነበረው ሥር ሲበሰብስም አፈሩ ተናደ። ከቦዮቹ ወጥቶ በዳርና በዳር የተከመረው አፈር ደግሞ የውኃውን የተፈጥሮ ፍሰት አገደ።

በ1978 የወጣው የግዛቲቱ ሕግ፣ ሥራ ሲያበቃ ቦታው እንዲጸዳና ወደ ቀድሞ ሁኔታው እንዲመለስ ያዛል። የፕላክማይንስ ወረዳ ይህን ሕግ በመጥቀስ በ2013 ኩባንያዎችን ከሰሰ። ተከሳሹ ሼቭሮን፣ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ለተፈጸመ ሥራ ሊያገለግል እንደማይገባ ተከራከረ፤ ለመሬቱ መጥፋትም ምክንያቱ ወንዙ ደለሉን እንዳያሰራጭ ያገዱት የጎርፍ መከላከያ ግድቦች ናቸው አለ። በእርግጥ የግድቦቹ፣ የመሬቱ መስጠምና የባሕሩ ከፍታ መጨመር ድርሻ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የጥፋት ምክንያቶች ብዙ መሆናቸው ከአጥፊዎቹ አንዱን ነጻ ያወጣዋልን?

ከሕዝብ የተውጣጡት ፈራጆች ነጻ አላወጡትም። በሚያዝያ 2025፣ ሼቭሮን በ2001 የጠቀለለው ቴክሳኮ ላደረሰው ጉዳት ከ744 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰኑ። ኩባንያውም ይግባኝ እንደሚል አስታወቀ።

መልመጃ
1. ቦይ መቆፈሩ አፈሩን ለመናድ ያበቃው እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል አስረዱ።
2. «ደለል»፣ «ጠረፍ»፣ «ይግባኝ» የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አስገቡ።
3. «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ጋር ያለውን ዝምድና ግለጹ።
4. በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ፣ አንዱ ለወረዳው ሌላው ለኩባንያው በመቆም ተከራከሩ።