ኔት፦ አንዲት ቃል፥ ሁለት ፍቺ

በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የሩዙን ከረጢትና የዘይቱን ጀሪካን ስናይ ቁጥር ተጽፎበታል። ከቁጥሩ አጠገብ ብዙ ጊዜ አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ቃል አለች። «ኔት» ትባላለች።

ይህች ቃል በአንድ በኩል መረብ ማለት ነች። የዓሣ አጥማጁ መረብ፣ የኳሱ ጎል መረብ፣ ለወባ ትንኝ የምንሰቅለው አጎበር፣ ሁሉም ኔት ነው። እኛ አጎበርን መረብ አንለውም፤ እነሱ ግን በአንድ ቃል ይጠሩታል።

ከረጢቱ ላይ ያለችው ግን ሌላ ነች፤ የተጣራ ማለት ነች። መያዣው ሲቀነስ የሚቀረው ክብደት ኔት ይባላል። ከነመያዣው ያለው ጠቅላላ ክብደት ደግሞ «ግሮስ» ነው። የባዶ መያዣውን ክብደት ጣልያኖች «ታራ» ይሉታል፤ ቃሉን ያገኙት ከዐረብኛ ነው፤ የሚጣል እንደ ማለት ነው።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይሠራል?» ትሉ ይሆናል። ቲማቲም በእንጨት ሣጥን ይዛችሁ ገበያ ወጣችሁ እንበል። ሚዛኑ 30 ኪሎ አለ። ባዶው ሣጥን 3 ኪሎ ከሆነ፣ የሚከፈላችሁ የ27 ኪሎ ዋጋ ነው። ገዢው በግምት «ለሣጥኑ 5 ኪሎ እንቀንስ» ቢል፣ 2 ኪሎ ቲማቲም በነጻ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ «ሣጥኑ ባዶውን ይመዘን» በሉ። ቅቤ በጣሳ ስትገዙም ያው ነው፤ አስቀድሞ ጣሳው ይመዘን።

አንዳንዱ ከረጢት ላይ ኔትም ግሮስም ይጻፋል። ያን ጊዜ ገንዘብ የምትከፍሉበት እህል ትንሹ ቁጥር ነው።